ለልጁ የቀየረው ክኒን

«አባዬ... ሽንቴን ወሰዱት! አለቀልኝ!»

ሯጩ ልጅ የወርቅ ሜዳሊያውን እንዳጠለቀ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ዘው አለ።

አባቱ የክለቡ ትጥቅ ያዥ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሯጮች ቱታ አጥቧል... ወገቡም እንደ ቱታው ተጨምቋል።

ቀና እንኳ ሳይል «በሩን ዝጋው» አለው።

«አልገባህም እንዴ? ምርመራ ነው! አራት ወር ሙሉ ክኒን ስውጥ ነበር... ጉልበት የሚሰጥ... የተከለከለ!»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?!»

«ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ቱታህን ሳጥብልህ ከኪስህ አገኘሁት።»

ሽማግሌው እጁን በፎጣ አደረቀና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ... ሁሉ ነገር የሰለቸው ሰው አቀማመጥ።

«ለፋርማሲስቷ አሳየኋት። ‹አባባ፣ ይሄ ልብ ያሳብጣል፣ ጉበት ይጨርሳል፣ ዛሬውኑ ያስጥሉት› አለችኝ። ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?»

ልጁ ሜዳሊያውን ከአንገቱ አወለቀ።

«አትሰማኝም። ስለዚህ በገዛህ ቁጥር ደፋሁት። እሱን የሚመስል ቫይታሚን ገዝቼ በብልቃጡ ሞላሁልህ። አራት ወር የዋጥከው እሱን ነው።»

ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ...

«ታዲያ... ዛሬ ማን ነው የሮጠው?»

«እግርህ ነዋ! እኔ የሮጥኩልህ መሰለህ?»

ልጁ ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ። አባቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ።

እዚህ ጋ ቢያልቅ ደስ ባለኝ... አላለቀም።

ልጁ በድንገት እጁን ፈታ።

«አባዬ... የቀጮስ?»

ቀጮ የልጁ የልምምድ ጓደኛ ነው። ክኒኑን ከአንድ ደላላ አብረው ነው የገዙት። ዛሬ ጠዋት በዚያው ውድድር ላይ፣ ሁለት ዙር ሲቀረው፣ ደረቱን ይዞ ወደቀ... በአምቡላንስ ተወሰደ።

«የሱንም ቱታ የምታጥበው አንተ ነህ...»

«አየሁት» አለ ሽማግሌው። «በየሳምንቱ አየሁት።»

«እና?»

«የሥራችን ደንብ ነው፤ ከሰው ኪስ የወጣ ነገር፣ ልብሱ ሲደርቅ እዚያው ኪስ ይመለሳል። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሳንቲም ነክቼ አላውቅም። ደግሞ... ብናገር አንተም ትያዛለህ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ መለስኩለት። በዚህ በእጄ... ቱታውን አጣጥፌ።»

ልጁ የአባቱን ኮት ከመስቀያው አንስቶ ሰጠው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ «ምን ወስዶ ነበር?» እያለ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል... የሚያውቅ የለም። አባትና ልጅ ሁሉንም ተናገሩ።

የቀጮ እናት ኮሪደሩ ላይ የሽማግሌውን እጅ ይዛ ሳመችው።

«ጋሼ... ልጄ ሁልጊዜ ያነሳዎታል። ‹ክለቡ ውስጥ እንደ አባት የሚያዩኝ እሳቸው ናቸው› ይለኛል።»

ሽማግሌው እጁን ቀስ ብሎ ከእጇ አወጣ።

«ለኔ ልጅ ደፋሁለት፣ እህቴ... ለልጅሽ ግን መለስኩለት።»

ያኔ አልገባትም። በኋላ ሐኪሙ ሲያስረዳት... ገባት።

ቀጮ ተርፏል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ሐኪሞቹ «አውቶቡስ እንዳያመልጥህ ብለህ እንኳ እንዳትሮጥ» ብለውታል።

ጓደኞቼ... ክኒኑ የሚሰጥህን ጉልበት የሚያመጣው ከየትም አይደለም፤ ከገዛ ልብህ ነው የሚበደረው።

ይህን አውቆ የራሱን ልጅ ብቻ ያዳነ ሰው ደግሞ... ጥሩ አባት ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ ሰው ለመሆን ግን ይቀረዋል።

እናንተስ? የገዛ ልጃችሁ እንደሚቀጣ እያወቃችሁ... ለቀጮ እናት ትነግሯት ነበር?

ለመመለስ አትቸኩሉ። አስባችሁ ጻፉልኝ...