የዋና መነጽር ለምስጋና ቀን

አሜሪካ ውስጥ ሌላው የዱሉዝ ከተማ ሰው ለምስጋና ቀን ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ ጠብሶ ዘመድ ይጠራል። ቬርና ደግሞ ለተጠራው ሁሉ የዋና መነጽር ገዛች።

ባሏ ኦሪን ሰኞ የልብ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ አለው። ጉንፋን ቢጤ ከያዘው ቀዶ ጥገናው ይቀራል፤ ከቀረ ደግሞ የበረዶውን ወራት መሻገሩን ሐኪሙ ይጠራጠራል። ቬርና ቫይረስ በዓይንም እንደሚገባ ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች።

እንግዳው ሁሉ በር ላይ አፍንጫው እየተመረመረ፣ ጭምብልና መነጽር እያጠለቀ ገባ፤ ኦሪንን ከሩቅ ሰላም ብሎ ምሳውን ጋራዥ ውስጥ በላ። የኦሪን አክስት እንቁራሪት መስለው ገቡ፤ ደፍሮ የሳቀ የለም። ቬርና ራሷ አልተመረመረችም። መቼ ከቤት ወጥታ፤ ተርኪውንና መነጽሮቹን ልትገዛ ካልሆነ በቀር። ከጠዋት ጀምሮ አፍንጫዋን የሚያፈሰውም ሽንኩርቱ ነው።

ያስቸገራት ዋርሳዋ ጋርት ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ስለሆነ ንፍጣም ልጅ ሲያመላልስ ይውላል። ምርመራውንም መነጽሩንም እንቢ አለ።

«በኔ ዓይን የሚገባው ፉትቦል ብቻ ነው» አላት።

«ወንድምህን ልትገድለው ነው?»

«ልገድለው ብፈልግ ያንቺን ተርኪ አጎርሰው ነበር።»

ይህን ብሎ አልፏት ገባና ወንድሙን አቀፈው። ቬርና ጎትታ አስወጣችው።

ማታ ስለ ጋርት እያነሳች በንዴት አለቀሰች። ኦሪን ተዪው ቢላትም አልተወችውም። አፍንጫዋን በመዳፏ ጠራረገችና እንደ ልማዷ የባሏን ዓይን በጣቷ ገለጥ አድርጋ የዓይን ግፊት መድኃኒቱን ጠብ አደረገችለት።

የፈሩት ይደርሳል፤ ኦሪን እሑድ ማስነጠስ ጀመረ። ሰኞ ሆስፒታሉ መርምሮ ቫይረሱን አገኘበት፤ ቀዶ ጥገናው ቀረ።

ቬርና ጋርትን ወደ ሆስፒታሉ በስልክ ጠራችው። ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። በሰው ፊት ነፍሰ ገዳይ ስትለው ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት።

«እኔ ከሆንኩ አምላክ አይማረኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ነርሷ ከበሽተኛው ጋር የተጠጋ ሁሉ ይመርመር ስላለች ቬርናም ለወጉ ያህል አፍንጫዋን ሰጠች። ውጤቱ እስኪመጣ ጋርትን ዳግመኛ ደጃፏን እንዳይረግጥ አስጠነቀቀችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ እሺ አላት።

ነርሷ ተመልሳ መጣች፤ ለጋርት ከቫይረሱ ነጻ መሆኑን ነገረችውና ለቬርና ጭምብል አቀበለቻት።