እርጥብ ጨርቅ

ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ካውያውን ነካ አደረገው። ችስ አለ። በሌላው እጁ የሚስቱን ቀኝ አንጓ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጋር አጣብቆ ይዟል። የሱቁን በር ከውስጥ ቀርቅሮታል።

"የኤምባሲ ቀጠሮሽ ነገ አይደል?" አላት። "ሰው ጠይቄ ነው የመጣሁት። አሻራ ያልሰጠ ሰው ቪዛ አይመታለትም አሉኝ። የሰፈር መሳቂያ አድርገሽኝ ልትሄጂ ነበር?"

"ተው፣ በሞቴ። ስንት ዘመን ከዚህ እጅ በልተሃል።"

"ቀድመሽ ማሰብ ነበረብሽ።"

ለደንበኛ ሱፍ ሁልጊዜ እርጥብ ጨርቅ ያለብስ ነበር፤ ሱፍ ካውያ በቀጥታ ካረፈበት ያራል። ጨርቁ አሁንም ባልዲው ጠርዝ ላይ ተሰቅሏል። ሁለቱም አዩት። አላነሳውም። መዳፏን ወደ ላይ ገልብጦ የጨበጠቻቸውን ጣቶች አንድ በአንድ ፈለቀቀና ካውያውን ጫነባቸው። ላለመጮህ ከንፈሯን ነክሳ ደም በደም አደረገችው፤ ሱቁን ያረረ ሱፍ የሚመስል ሽታ ሞላው።

ሲለቃት ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ እጇን ባልዲው ውስጥ ነከረች። እሱ ከባድ ኮት ተኩሶ እንደጨረሰ ሰው ካውያውን አቁሞ ላቡን ጠረገ።

"አሁን ሂጂ" አላት።

"አሻራ የሰጠሁት ባለፈው ሳምንት ነው" አለችው ጥርሷ እየተንገጫገጨ። "ቪዛው ተመቷል። ነገ የምሄደው ፓስፖርቴን ልቀበል ነው።"

እርጥቡን ጨርቅ ከባልዲው ጠርዝ አንስታ እጇን ጠቀለለችበት።

"ለመቀበል አንድ እጅ ይበቃኛል።"