ይመኙሽ ከባሏ ጋር

ፎቶ አንሺው ኃይለ ጊዮርጊስ የሴቲቱን ጥያቄ ሲሰማ መጀመሪያ ያሰበው በሩን ሊያሳያት ነበር።

«አያ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ከሞተው ባሌ ጋር አድርገህ አንሣኝ» ነበር ያለችው።

ሴቲቱ ይመኙሽ ትባላለች። ባሏ መሪጌታ ሐብተ ማርያም እዚሁ ጎንደር ቀሐ ወንዝ አጠገብ ካለ ደብር ሲያገለግሉ ኖረው ባለፈው ክረምት ዐርፈዋል። ልጅ የላቸውም። አርባቸው ሳይወጣ ቢያዝን የሚባል ሰው ከአዲ አርቃይ መጣና «የሟች የእናት ልጅ ነኝ፤ እሷ ወጥ ሠሪው እንጂ ሚስቱ አልነበረችም፤ ቤቱን ትልቀቅ» ብሎ ከሰሳት። የተጋቡት በጣሊያን ጊዜ በረሃ ውስጥ ነው፤ ካጋቧቸው ሽማግሌዎች በሕይወት የቀረ የለም። የደብሩ ካህናትም «አብረው ሲኖሩ እንጂ ሲጋቡ አላየንም፤ ዘመዶቹንም አናውቅም» አሉ።

«ይህ እኮ የሐሰት ማስረጃ ነው እህቴ» አላት ኃይለ ጊዮርጊስ። «ሁለታችንንም ያሳስራል።»

«ታዲያ ቤቴን በምላሱ ሊወስድ ለመጣ ሰው እጄን አጣጥፌ ልጠብቀው? አልወጣም! ሬሳዬ ካልወጣ በቀር ከዚያ ቤት አልወጣም!»

ኃይለ ጊዮርጊስ ከአስመራ መጥቶ ፒያሳ ላይ ሱቁን ከከፈተ ዓመት አልሞላውም፤ የአገሬውን ሰው ገና አያውቅም። ጉራ ግን ይወዳል። ሁለት ፎቶ አንድ ማድረግ የሚችል በጎንደር ከእኔ በቀር ማን አለ ብሎ ሲፎክር ከርሟል። አሁን እንቢ ማለት አልሆነለትም።

ይመኙሽ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ የአንድ ባለ ጥምጥም፣ ባለ ጢም ሰው ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችለት። ዞራም አላየችው። ሌላዋ ብትሆን ስማ፣ እንባዋን ጠርጋ ነበር የምትሰጠው። ኃይለ ጊዮርጊስ ታዘባት። ይቺ ሴት እውነትም ሚስቱ አልነበረችም አለ በልቡ።

«ወደ ግራ ዙሪልኝ» አላት ካሜራውን እያስተካከለ። «የእሱ ብርሃን ከግራ ነው። ያንቺ ከቀኝ ከመጣ ጥላችሁ አይገጥምም።»

«አይግጠም። እንዲሁ ሸጋ ነው።»

«ምነው? የሚያውቅ ሰው ካየው እኮ ይነቃብሻል!»

«አንሣኝ ብዬሃለሁ፣ አንሣኝ!»

ጨለማው ክፍል ገብቶ ሥራውን ጀመረ። ወንዱን ሲያትም የሴቲቱን ቦታ በጥቁር ወረቀት ሸፈነ፤ ሴቲቱን ሲያትም ደግሞ ወንዱን ሸፈነ። ወረቀቱን በሰውነታቸው ቅርጽ ቆርጦታል፤ መጋጠሚያው መስመር እንዳይሠራበትም ብርሃኑ ሲወርድ በቀስታ ያወዛውዘዋል። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ያ የተረገመ ጥላ ባይኖር እሱ ራሱ ባመነ ነበር።

«የሰውየው ፊት ጠርቶ ይታያል?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። ይታያል አላት።

በችሎቱ ቀን ኃይለ ጊዮርጊስም ተጠርቶ ቀረበ። ሱቄም እኔም አለቀልን እያለ ይመኙሽን በልቡ ይረግማታል።

ቢያዝን ፎቶውን ከዳኛው እጅ ተቀብሎ ጥቂት እንዳየው ሣቁ አመለጠው።

«ጌታዬ፣ ይቺ ሴት እዚህ ላይ ተለጥፋ ነው! የእሱ ጥላ ወደ ቀኝ፣ የእሷ ወደ ግራ! በአንድ ቤት ሁለት ፀሐይ ወጣ እንዴ?»

«ወንዱስ?» አሉ ዳኛው። «ወንድምህ ነው?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው! አንድ ጡት ጠብተን ያደግን! አምና ጥምቀትን እዚሁ ቀሐ አብረን አከበርን! የወንድሜን ፊት ልስት? መድኃኔ ዓለምን፣ እሱ ነው!»

ዳኛው ወደ ኃይለ ጊዮርጊስ ዞሩ። «አንተ ነህ ይህን የሠራኸው?»

አፉን ሳይከፍት ይመኙሽ ብድግ አለች።

«እሱን ምን ያስጠይቀዋል ጌታዬ? አሠሪዋ እኔ ነኝ። ቢያዝን እውነቱን ነው፤ ተለጥፌያለሁ።»

ችሎቱ ተንጫጫ። ቢያዝን እጁን አጨበጨበ። ይመኙሽ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቀች።

«ቅጣቴን እቀበላለሁ። አሁን ግን ፎቶውን ለደብራችን አለቃ ያሳዩልኝ።»

ለምስክርነት ተጠርተው የመጡት፣ በማኅሌት ከመሪጌታ ሐብተ ማርያም ጎን ሲቆሙ የኖሩት አለቃ ወልደኢየሱስ ፎቶውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠጉት፤ ደጋግመውም አዩት።

«ይመኙሽንስ አወቅኋት» አሉ። «ይህ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ግን ማነው?»