ዲኮ ያሰረችው ክር

ጥጃዋ በጀርባዋ ተንጋልላለች። የዲኮ ሟች ባል ወንድም፣ ቡባ፣ የኋላ እግሮቿን ጨምቆ ይዟል፤ ከዳኮሮ ከተማ የመጣው የከብት ሐኪም እምብርቷ ላይ ያበጠውን ይዳስሳል። ቡአ ነው። አንጀት ሾልኮ ወጥቷል። እንዲህ ያለው ሲገፉት ወደ ሆድ ይመለሳል፤ ይሄ ግን አይመለስም። ሥሩ ላይ ከጭራ ፀጉር የተገመደ ክር ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

«ማነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ» ትላለች ዲኮ። «እናቴም እንዲህ ነበር የምታስረው። እብጠቱ ደርቆ ይወድቃል።»

«አንጋለሽ፣ አንጀቱን መልሰሽ ነው ወይስ እንደቆመች?»

ዲኮ ያሰረችው ዕለት ብቻዋን ነበረች፤ ማን ይዞ ያንጋልልላት?

«እንደቆመች ነዋ!» ይላል ቡባ። «እኔን ብትጠራ ምን ነበረበት? እልኸኛ!»

ቡባ ሲጠሩት የማይገኝ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚመክር ሰው ነው።

ሐኪሙ ማደንዘዣ ወግቶ ቆዳውን ይሰነጥቃል። ሽታው ቀድሞ ይወጣል። ክሩ ያነቀው አንጀት ጠቁሯል፤ ሲነካው ይበጣጠሳል። ቆርጦ የሚቀጥልበት ጤነኛ ቦታ ይፈልጋል፣ አያገኝም።

«በቃ፣ እህት ዓለም። የሚሰፋ ነገር የለም፤ ከምትሰቃይ ትታረድ። መድኃኒት ስለተወጋች ሥጋዋን እንዳትነኩ።»

እናቲቱ ላም የዲኮ ዘመድ የሳምቦ ናት። እዚህ አገር ከብቱን ድርቅ ለጨረሰበት ሰው ዘመድ ላም ያውሰዋል፤ ሦስት ጊዜ ወልዳለት፣ ጥጆቹ ለተዋሰው ቀርተው፣ ላሟ ለባለቤቷ ትመለሳለች። የዲኮ ሁለቱ ጥጆች ሞተዋል። ይቺ የመጨረሻዋ ነበረች። ከብት የሌላት ሴት ከመንጋ ጋር አትጓዝም፤ ከተማ ገብታ የሰው ማሽላ ትወቅጣለች።

ቡባ ቢላዋውን ያወጣል። በሰው ፊት አይለቀስም።

«ቆዳዋን ደህና አድርገህ ግፈፍልኝ» ትላለች ዲኮ። «ላሟ ያለ ጥጃ ወተት አትለቅም። ለሳምቦ ነጥፋ ላስረክባት እንዴ?»

እርጥቡን ቆዳ ላሟ ፊት ታነጥፍና የማለቢያ ቅሏን ይዛ ከሥሯ ቁጢጥ ትላለች። ላሟ ታሸታለች፤ ከአንገቱ ጀምራ ትልሳለች። እምብርቱ ጋ፣ ሐኪሙ የከፈተው ቀዳዳ ላይ ስትደርስ፣ ምላሷ እዚያው ይመላለሳል።

ወተቱ ይወርዳል።