እጃችሁን ዘርጉ

«ዘሩ ገና አልመጣም አልኩ እኮ!» አለ የእርሻ ሹሙ አቶ ገብረክርስቶስ፣ የኡኬ መንደርን የዘር መጋዘን በር ተደግፎ። «ሲመጣ ይነገራችኋል። በሉ ሂዱ፣ ዝናብ ሳይዛችሁ።»

ዝናብ! ከደጁ ከተሰበሰቡት ገበሬዎች መሃል የቆመችውን ቀለሟን የሚያንገበግባት እሱው ዝናቡ አይደል? ከጀመረ ሰንብቷል፤ ዘር ያለው ሁሉ ማሳውን ሲዘራ የሷ ጦሙን አድሯል። ባሏ ኩማ ከሞተ ወዲህ ባለመሬቱ ግራዝማች የሚፈልጉት ሰበብ ብቻ ነው፤ «እስከ እሑድ ካልዘራሽ መሬቱን ለሌላ ጭሰኛ እሰጣለሁ» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። የአምናው በረዶ ደግሞ ለዘር የሚሆን ፍሬ እንኳ አላስቀረላትም። መንግሥት በረዶ ለመታቸው በነፃ የሚሰጠው በቆሎ ካልደረሰላት ልጆቿን ይዛ መንገድ ላይ መውደቋ ነው።

«አዴ ቀለሟ፣ በቃ እንሂድ» አላት ታፋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም። ደግ ሰው ነው ታፋ፤ ስለሷ እዚህ ደጅ ሲጠና የሰነበተ እሱ ነው። ብርድ ብርድ ብሎት ቡሉኮውን ተከናንቧል።

ልትዞር ስትል ከመጋዘኑ በር አጠገብ የቆመው ጭቃ ሹሙ ዋቅወያ አፍንጫውን ሊያክ እጁን አነሳ። እጁ ቀይ ነው! የመንግሥት ዘር ነቀዝ እንዳይበላው ቀይ መድኃኒት ይቀባል፤ የነካው እጅ ደግሞ በሳሙና ቢፈተግ ለቀናት አይለቅም። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም።

ቀለሟ ደሟ ፈላ።

«በንጉሥ አምላክ! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!»

ሁሉም ባለበት ቀረ። በንጉሥ አምላክ ተብሎ ማን ይራመዳል?

«ዘሩ አልመጣም አይደል? እንግዲያው ሁላችሁም እጃችሁን ዘርጉ!»

«ማሎ! አበደች እንዴ?» አለ አንዱ። ቢሆንም ዘረጋ፤ ንጹሕ ነው። ሌላውም ዘረጋ። ጭቃ ሹሙን፣ የግራዝማችን አሽከር ባቻን፣ የመጋዘኑን ዘበኛ ግን ሕዝቡ እያዋከበ አዘረጋቸው፤ የሁሉም እጅ ቀይ! «ሌቦች!» የሚል ጩኸት ቀለጠ። የእርሻ ሹሙን ላብ አጠመቀው። ቀለሟ ልቧ ሞቀ፤ ዛሬስ ሳይሰጧት አይሸኟትም።

«እሱስ?» አለ ዘበኛው፣ በንዴት ወደ ታፋ እየጠቆመ። «የኛ ብቻ ነው እንዴ የሚታየው?»

ታፋ ቡሉኮውን ይበልጥ ተከናነበ።

«አሳያቸው እንጂ ኦቦ ታፋ፣ ምን ያስፈራሃል?» ብላ ሳቀች ቀለሟ።

ቡሉኮውን ቀስ ብሎ ገለጠ። መዳፎቹ እስከ አንጓቸው ቀልተዋል።

«በኩማ ስም ነው የሰጡኝ» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «የኔም ልጆች ይርባቸዋል።»

የእርሻ ሹሙ ነፍሱ መለስ አለች። «ታዲያ ምን ያስጮህሻል፣ አንቺ ሴት? የቤትሽ ድርሻ ወጥቷል!»

ጩኸቱ ቀዝቀዝ አለ። ሰው ሁሉ አሁን የሚያየው እሷን ነው፤ ጎረቤቷ ሎሚ እንኳ ከአጠገቧ ፈቀቅ አለች። ቀለሟ ወደ ታፋ ዞረች።

«መቼ ዘራኸው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ወንዙ ዳር ካለው ማሳህ?»

በአንገቱ አዎ አለ።

መቀነቷን አጥብቃ ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

«ወዴት ነው?» እያለ ተከተላት።

«ልለቅመው» አለች፣ ዞር ሳትል። «ገና አልበቀለም።»