መኪናዋን እንዳይከብዳት

መዳፌን የመኪናዋ የነፋስ መውጫ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። የሚወጣው አየር ሞቃት ነው፤ ሰው አፉን ከፍቶ እጄ ላይ የሚተነፍስ ይመስላል። ከጎኔ የተቀመጠችው እናቴ አንገቷን በመሀረብ ትጠርጋለች።

"ቁርጡን ንገሪኝ" ትለኛለች። "እንዲህ ከሆነ አልሄድም።"

ታናሽ እህቴ ወልዳለች። ያለችበት ቆላ ደግሞ ጥላ ሥር እንኳ ያቃጥላል። ሐኪሙ የእናቴን ልብ አዳምጦ ሙቀት እንዳትደፍሪ ብሏታል። መኪናዋ ከቀዘቀዘች ዛሬውኑ ይሄዳሉ፤ ካልቀዘቀዘች አባቴ ብቻውን ሄዶ ሕፃኑን በእሷም ፋንታ ስሞ ይመለሳል። ይህን ነግሯትም እናቴ የሕፃኑን ልብሶች ጭኗ ላይ ይዛለች።

አባቴ ጋራዤ በር ላይ ቆሟል። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ይህችን መኪና ዘይት የሚቀይርላትም፣ የሚያጥባትም ራሱ ነው፤ ልጁ መካኒክ ሆኜ እንኳ እንድነካበት አይፈልግም። ኤሲዋ ተበላሽቷል ካለ ዓመታት አልፈዋል። አምጣትና ልያት ባልኩት ቁጥር ዛሬ ነገ ሲለኝ ኖሯል። ዛሬም የመጣው እናቴ ቀድማው መኪናዋ ውስጥ ገብታ አልወርድም ስላለች ነው።

"የኤሲው ጋዝ አልቆ ነው" ይላል ከበሩ። "መኪናዋ እንደሆነች አርጅታለች። ምን ያደክምሻል?"

"አልቆ እንደሆነ አይቼ ልንገርህ፣ አባዬ።"

ወርጄ ኮፈኑን እከፍታለሁ። የጋዝ መለኪያውን ጌጅ ስሰካው ጋዙ ትንሽ ቀነስ ብሏል እንጂ አለ። ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው ቺንጋ ደህና ነው። ፊውዙም አልተቃጠለም። እናቴን ኤሲውን አጥፍተሽ መልሰሽ ክፈቺው እላታለሁ፤ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕረሰር ቀጭ ብሎ መነሳት ሲገባው ድምፁ የለም። መብራት አይደርሰውም ማለት ነው። ሽቦውን በጣቴ እየዳበስኩ ወደ ታች እከተላለሁ።

"ኮምፕረሰሩ ሞቶ ይሆናል" ይላል አባቴ። አሁን አጠገቤ ደርሷል።

"ቅድም ጋዙ ነው ስትል አልነበር?"

"እሱም ነው፤ እሱም ነው።"

አባቴ ውሸት አይችልበትም። ስለማይችልበትም ሲዋሽ ገና አፉን ሳይከፍት ያስታውቅበታል። ላቡን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ኮፈኑን በሌላ እጁ ይዟል፤ ብለቀው ይዘጋዋል።

ሽቦው መጨረሻ ስደርስ ሶኬቱ ተነቅሏል። በራሱ የወለቀ አይደለም። እርጥበት እንዳይገባው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በጥቁር ፕላስተር ታሽጎ፣ እንዳይንገላታ ከጎኑ ካለው ቱቦ ጋር በክር ታስሯል። የፕላስተሩ ጫፍ ለሚፈታው ሰው እንዲመች ወደ ውስጥ ታጥፏል። በዚህ ዓለም ላይ የፕላስተር ጫፍ የሚያጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

ቀና ብዬ አየዋለሁ። እሱ ጫማውን ያያል።

"ኤሲው ዳገት ላይ የመኪናዋን ጉልበት ይበላባታል" ይላል፣ እናቴ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያን አቀበት ስትወጣ ስታቃስት አንጀቴን በላችኝ። ለጊዜው ብዬ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እናትሽ ምን ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። ተበላሸ አልኳት። አንዴ ወጣ፤ በምን ልመልሰው?"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ይልና እናቴን በኮፈኑ ጎን አሻግሬ ሳያት ይጠፋብኛል። ፕላስተሩን ፈትቼ ሶኬቱን እሰካለሁ። ቀጭ ይላል፤ ኮምፕረሰሩ ይነሳል። የጎደለውን ጋዝ እሞላለሁ። እናቴ ፊቷን ወደ መውጫው አስጠግታ ዓይኗን ትጨፍናለች። ቅዝቃዜው ሲደርሳት ትከሻዋ ቀስ እያለ ይወርዳል። ልጁን ለማየት ምን ያህል እንደጓጓች አሁን ነው የገባኝ።

"ምን ሆኖ ኖሯል?" ትለኛለች መስኮቱን አውርዳ።

ጋዙ አልቆ ነው ልላት አፌን እከፍታለሁ፤ ለአባቴ ብዬ። አባቴ ይቀድመኛል።

"እኔ ነኝ የነቀልኩት። መኪናዋን እንዳይከብዳት ብዬ።"

እናቴ ፊቷን ከመውጫው መልሳ ታየዋለች።

"ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለትም?"

"ያን ዕለትማ ልሰካው ወርጄ ነበር" ይላል። "አንቺ ተኝተሽ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ቆምኩ። በአንዴ እንዴት ዳነ ብትይኝ ምን እልሻለሁ ብዬ ፈራሁ።"

"እና መልሰህ ዘጋኸው።"

"ዘጋሁት።"

"መንገዱን ሙሉ በአንድ እጅህ እየነዳህ በጋዜጣ ስታራግብልኝ ነበር እኮ።"

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ እጁ ዛለ ብዬ ሳዝንልህ።"

እናቴ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። "ለሷ አዘንክላት" ትለዋለች ከፊቷ ያለውን የመኪናዋን ክሩስኮት በጣቷ ነካ አድርጋ፣ እና መስኮቱን ትዘጋለች።

መሀላቸው ቆሜ የማደርገው ይጠፋኛል። ጌጁን ነቅዬ ኮፈኑን እዘጋለሁ። እናቴ ወደ ፊት እያየች ተቀምጣለች፤ አባቴ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል፣ አይጠርገውም። አይገባም፣ አይሄድም። ይሄ ጉዞ ቀረ እላለሁ በልቤ፤ ምነው ሶኬቱን ባላገኘሁት ኖሮ እላለሁ።

እናቴ የሕፃኑን ልብሶች ከጭኗ አንስታ ኋላ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ከዚያ በሾፌሩ ወንበር ላይ ተዘርግታ በሩን ከውስጥ ትገፋዋለች።

"ግባ" ትለዋለች፣ ሳታየው። "ቅዝቃዜው እየወጣ ነው።"