የተከለከለው ግጦሽ

የባሏ ወንድም ላሞቹን እየነዳ የግጦሹ በር ላይ ሲደርስ፣ እሷ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆማ ነበር። ከኋላዋ ያለው ሣር ነጭ ገለባ መስሎ ከመሬት ተጣብቋል። ከአጥሩ ውጪ ግን እሱም አልቀረም፤ ከብቱ ግጦ ጨርሶት አፈሩን ነፋስ ወስዶታል።

«ክፈቺ እንጂ እትዬ፣ ሊወድቁ እኮ ነው።»

«አልከፍትም። እንዲህ የደረቀውን ከነሥሩ ነው የሚነቅሉት። ሥሩ ከሄደ ዝናብ ቢመጣስ ምን ሊያበቅል ነው? አንተን?»

«ግትር ናት ብለን ጠባቂ ያደረግንሽ እኛው፤ ይበለን። ለመሆኑ የፊተኛዋ ያንቺው ላም መሆኗን አይተሻል?»

አይታለች። ላሚቱ አገጯን በሩ ላይ አሳርፋ ምላሷን ወደ ገለባው ትሰድ ነበር። የጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይቆጠራል። ሴትዮዋ ፊቷን ሳታዞር እጇን ወደ መቀርቀሪያው ሰደደች። ሰውየው እፎይ ሊል ሲል መቀነቷን ፈታ በሩን ደርባ አሰረችውና ቀሚሷን ሰብስባ ከበሩ አጠገብ ወዳለው ቤቷ ሄደች። የጓሮውን ግንብ ተንጠላጥላ ወጣች፤ ከጣሪያዋ የሣር ክዳን አንድ እቅፍ መዠረጠችና ላሚቱ እግር ሥር ጣለችው።

ላሚቱ አቧራውን ሳታራግፍ መብላት ጀመረች። የቀሩትም ተከትለዋት መጡ።

«አብደሻል እንዴ? ዝናቡ ሲመጣስ?» አለ ሰውየው አንጋጦ።

«ይምጣና እላዬ ላይ ይዝነብ» አለችው፤ ሁለተኛውን እቅፍ እየመዠረጠች።